የታንከኛ ጆሮ

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለኤልዳድ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግዚአብሔር በወጣህበት በገባህበት አይለይህ። እኛ፣ ለእሱ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። እናትህ ማሚቴ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ከጸሎት ቤት ቀርታ አታውቅም። እህትህ ሴናም ሥራዋ ላይ ናት። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ የሚሰማው ጆሮዬ ትንሽ፣ የሚያወራው አፌ ብዙ።

ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲውል ለእኔ ለደንቆሮው ስልክ ማለት ሰዓት ማያ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌ ለሴና እሰጣታለሁ፤ እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ያንተንም አትማ ታመጣልኛለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሴና ከስልኳ አንድ ወሬ ተርጉማ ጻፈችልኝ። እናንተ ዘንድ፣ እንግሊዝ አገር፣ ፓርላማው፣ ጋዜጠኛው፣ ጡረታ የወጣው ጄኔራል ሁሉ ስለ ታንክ ይከራከራል አሉ። ግማሹ «ዘመኑ የድሮን ነው፣ ታንክ አበቃለት» ይላል፤ ግማሹ «ያለ ታንክ መሬት አይያዝም» ይላል። የታንኩ ቁጥር ይቀነሳል፣ የቀረው ይታደሳል። እግረኛውን የሚጭነው አሮጌው ባለ ሰንሰለት ወጥቶ ባለ ጎማ ይገባል። ክፍሉም ከክፍል ይቀላቀላል ይባላል። እውነት ነው? ያንተስ ክፍል ምን ሊሆን ነው? «ብረት ለበስ ክፍል መደቡኝ» ብለህ ጽፈህ በዚህ ዕድሜዬ ያስጨፈርከኝ አንተ ነህ እኮ!

በዚሁ ነገር ሀይሌ ጋርመንት ሻይ እየጠጣን ከሁንዴሳ ጋር ተጣላን። ታስታውሰዋለህ፣ በእኔ ታንክ ላይ ተኳሽ የነበረው። እኔ ስለማልሰማ ክርክሩን በእጅ ወረቀት ነው የሚያደርሰኝ። «አምሳ አለቃ ዱጉማ፣ ልጅ ጓሮ ቁጭ ብሎ በሚያበረው መጫወቻ የሚነድ ብረት ለምን ይበጃል?» ብሎ ጻፈ። «ታዲያ እግረኛው በምን ይሻገር፣ በጸሎት?» ብዬ መለስኩለት። መጮኼን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

እንግዲህ አንተ ዳኘን። አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ፤ የማዳመጫዬ ባትሪ አልቋል። እዚህ የማገኘው ቶሎ ይሞትብኛል። የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክልኝ።

ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

አጎትህ ዱጉማ

•

እንግሊዝ አገር፣ ከካምፕ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2025

ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ዱጉማ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ባትሪውን የጎረቤታችን የጋሽ ቶሌራ ልጅ ቢፍቱ ይዛልዎት ትመጣለች። ጠንከር ያለውን ነው የገዛሁት።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ ጋሽ ሁንዴሳም ልክ ናቸው፣ እርስዎም ልክ ነዎት። ይኼ የዲፕሎማት መልስ ነው ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እዚህ ግን በምግብ ቤታችን ሳይቀር የምንከራከረው ይኼንኑ ነው። ሻለቃችን «ታንክ ብቻውን ሲሄድ ይሞታል፤ ከድሮኑ፣ ከመድፉ፣ ከእግረኛው ጋር ሲሄድ ግን ዛሬም ንጉሥ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ሠራዊቱ በጣም አንሷል፣ ጥቂት ከባድ ከሚኖረን ብዙ ቀላል ይኑረን ይላል። ባለ ጎማው በራሱ ነድቶ ብዙ አገር ያቋርጣል፣ ጭቃ ላይ ግን እንደ ሰንሰለት አይሆንም። እርስዎ ይኼን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔ አሁን የምነዳው አዲሱን ብረት ለበስ ነው። ስሙን አልጽፍልዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታንክ አይደለም፤ ከታንኩ ቀድሞ ሄዶ የሚያይ ነው። ጋሼ፣ ቢያዩት! እርስዎ በዚያች ጠባብ መስታወት አጮልቀው ነበር የሚነዱት፤ እኔ በካሜራ በጨለማ ውስጥ ጥንቸል ሳይቀር አያለሁ። ያየሁትን ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ወዲያው ያዩታል። የተቃወሙት አሉ። ጩኸቱ በዛ፣ ንዝረቱ በዛ ብለው የሚያጉረመርሙ አይጠፉም። እኔ ግን ለምጄዋለሁ። አዲስ ነገር መቼም ያለ ወሬ አይገባም።

እማዬን የምንለማመድበት ሜዳ ኔትወርክ ስለሌለው አልደውልም በሉልኝ። በጽሑፍ እንነጋገራለን።

ልጅዎ ኤልዳድ

•

መካኒሳ አቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤልዳድ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ መንገድህ ይቅና። ባትሪው ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ። ማዳመጫዬን ባበራሁ በመጀመሪያው ቀን የሰማሁት የሁንዴሳን ሳል ነው። ወዲያው አጠፋሁት።

ደብዳቤህን ለሁንዴሳ አስነበብኩት። ካሜራውን ወደደልህ። እኔ ግን ያልወደድኩት ነገር አለ፣ ልንገርህ።

እኔ ሠራዊት ስገባ ታንካችን የአሜሪካ ነበር። ጦርነት መሐል ሳለን አሜሪካ አኮረፈ፣ የሩሲያ መጣ። መማሪያው ሌላ፣ ጥይቱ ሌላ፣ ብሎኑን የሚፈታው ቁልፍ እንኳ ሌላ። መካኒኩ በአንዱ እጁ የዚህን፣ በአንዱ እጁ የዚያን ይዞ መሐል ቆሞ ነበር። ታንኩ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ሞልቶ ነበር፤ የሚነሳው ስንት ነው የሚል ግን ጥቂት ነበር። አሁንም ያንተ ጄኔራሎች የሚከራከሩት ስንት ይኑረን እያሉ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ማን ጎትቶ ያወጣዋል? መለዋወጫው የት ነው? ውስጡ የሚቀመጠው ልጅስ እስከ መቼ ይችለዋል? ይኼን የሚጠይቅ አለ?

ሩቅ አልሄድም። እዚህ ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ሲሠሩ አንድ ትልቅ ኤክስካቫተር የሰንሰለቱ ማያያዣ ፒን ተሰብሮ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ታክሲውን ሁሉ ሲያስለቅስ ከረመ። ያቺ ፒን እስክትመጣ ድረስ ያ ሁሉ ብረት የርግብ ማረፊያ ሆነ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምጄዋለሁ ያልከው ጩኸት ምን ዓይነት ነው? ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይቀራል? ማታ ስትተኛስ?

በእኛ ጊዜ ጩኸቱ ሲብስና ሬዲዮው አልሰማ ሲል አዛዡ ከላይ ሆኖ በእግሩ ነበር የሚነግረኝ። ቀኝ ትከሻዬን ሲነካኝ ወደ ቀኝ፣ ግራዬን ሲነካኝ ወደ ግራ፣ ሁለቱንም ሲጫነኝ ቁም። አንተም ታውቀዋለህ። አባትህ ካረፈ በኋላ፣ አክስትህ ወደዚያ ሳትወስድህ፣ የመካኒሳን ጭቃ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳሻግርህ በተረከዝህ ትነዳኝ አልነበር? ሁለቱንም ተረከዝህን ስትጫነኝ ጭቃ መሐልም ብሆን ቀጥ እል ነበር። ሰዉ አብዷል ይለኝ ነበር።

እናትህ ድምፅህ ናፈቃት። በየእሑዱ የመዘምራኑን መዝሙር ቀድታ እንደምትልክልህ ነግራኛለች። ድሮ ኪቦርዱን የምትመታላቸው አንተ ነበርክና ያንተን አስተያየት ነው የሚጠብቁት። ደውልላት እንጂ! ሜዳው ላይ ኔትወርክ ባይኖር ካምፑ ይኖረዋል።

አጎትህ ዱጉማ

•

ከካምፕ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026

ለጋሼ ዱጉማ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ልምምድ ላይ ነበርን። እንኳን ለገናና ለጥምቀት በሰላም አደረስዎት፤ ዘግይቶም ቢሆን።

የመለዋወጫው ነገር እውነትዎን ነው። ለጓደኞቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፣ የኤክስካቫተሩን ሲሰሙ ሳቁ። አንዱ «አጎትህ እዚህ መጥተው ፓርላማ ይግቡልን» አለ።

እዚህ ነገሩ ከርሯል። ስለ መኪናው የሚያጣሩ ሰዎች መጥተው እያንዳንዳችን ያየነውንና የደረሰብንን እንድንጽፍ ጠይቀዋል። ቀነ ገደቡ ቅርብ ነው። ልጆቹ በሁለት ተከፍለዋል። መኪናው ከተሰረዘ ክፍላችን ይፈርሳል፣ ሰዉ በየቦታው ይበተናል የሚል ወሬ አለ። ከአባቱ ጀምሮ በዚህ ክፍል ያገለገለ ልጅ አለ፣ የክፍሉ ስም ከባንዲራው ላይ ሲወርድ ማየት አይፈልግም። እኔም ለአሥር አለቃነት ስሜ ተላልፏል። ስለዚህ ሁሉም ደህና ነው ብዬ እጽፋለሁ። ደህናም ነው።

እማዬ በድምፅ ባትልክልኝ ጥሩ ነው፤ ስልኬ ላይ ቦታ እየያዘብኝ ነው። በጽሑፍ ትጻፍልኝ። ያለፈው እሑድ መዝሙር ግን በጣም ደስ ይላል፣ ተባረኩ በሉልኝ። ለእሷም እንዲሁ ጽፌላታለሁ።

ልጅዎ ኤልዳድ

•

መካኒሳ አቦ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤልዳድ፣

ይህን ደብዳቤ ለሴና አልሰጠኋትም። ራሴ ፖስታ ቤት ሄጄ ነው የጣልኩት። ስለዚህ ይዘገያል፤ ቢዘገይም ካንተና ከእኔ ሌላ ሰው አያየውም።

«ያለፈው እሑድ መዝሙር» ያልከው መዝሙር አልነበረም።

እናትህ የላከችልህ የራሷን ድምፅ ነው። ጋሽ ሚሳኤል ማረፉን ልትነግርህ ነው። ኪቦርድ ያስተማረህ፣ ጣትህን እየያዘ ቁልፉ ላይ ያስቀመጠልህ ጋሽ ሚሳኤል። ከቀብሩ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ እያለቀሰች ነው የቀዳችው። ሴና አጠገቧ ነበረች። እናም ካንተ የመጣው መልስ «መዝሙሩ በጣም ደስ ይላል፣ ተባረኩ» የሚል ነበር።

እናትህ ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። አስነበበችኝ። ከዚያ በወረቀት ላይ፣ በዚያ በሚያስቀና ጽሕፈቷ፣ «ልጄ ልቡ ደነደነ» ብላ ጻፈችልኝ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ምን እንደሆንክ በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

ልጄ፣ ልብህ አይደለም። ጆሮህ ነው።

አትካደኝ። ኔትወርክ የለም ማለትን፣ በጽሑፍ ይሁን ማለትን፣ ሳይሰሙ ቆንጆ ነው ማለትን እኔ ከአንተ በፊት ጨርሼዋለሁ። ሰው ሲስቅ አይቼ ስስቅ፣ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ ስነቀንቅ ስንት ዘመን ኖርኩ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ከታንክ ያወርዱኛል ብዬ ፈራሁ። ታንከኛ ካልሆንኩ ምን ነኝ? ጆሮዬን የማሳይበት ቀን ዛሬ ነገ ስል ሠራዊቱ ራሱ ተበተነ። ጆሮዬ የት እንደቀረ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ዛሬ የለም። የእናትህ ሠርግ ላይ የዘፈነውን ሰው አፉን ብቻ ነው ያየሁት። ያንተን የመጀመሪያ መዝሙር ጸሎት ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የአንተን ጣቶች እያየሁ ነበር።

እነዚያ የሚያጣሩት ሰዎች በጠረጴዛቸው ላይ ቁጥር ይደረድራሉ። ስንት ታንክ፣ ስንት ብርጌድ፣ ጎማ ወይስ ሰንሰለት። ያንተን ጆሮ ሳይቆጥሩ ቢወስኑ ስሌታቸው ስህተት ነው፤ ስህተቱን የምታውቀው ደግሞ አንተ ነህ። ክፍሉ ይፈርሳል ነው? ይፍረስ! በደነቆረ ሾፌር የቆመ ክፍል ቆሟል ይባላል? ነገ ከሰንሰለቱ ፊት ለፊት የሚቆመውስ የማን ልጅ ነው?

ሂድና ታከም። እውነቱን ጻፍላቸው። ለእናትህ ደግሞ አንተው ንገራት፣ በእኔ አፍ አይሆንም። እስከ ፋሲካ እታገሳለሁ። ከዚያ በላይ ግን ልቡ ደነደነ እያለች ስታለቅስ ቁጭ ብዬ አላይም።

ጌታ ያበርታህ፣ የኔ ልጅ። ተቆጥቼ ከሆነ ስለምወድህ ነው።

ዱጉማ

•

መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤልዳድ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤዬ ደረሰህ ወይ? ይህንን በሴና ነው የላክሁት፣ ስለዚህ ሌላ ምንም አልጽፍም። እናትህ ደህና ናት። የምትልክልህን ነገር አቁማለች። እሑድ እሑድ ስልኳን ታወጣና ታያለች፣ መልሳ ትከተዋለች።

ደረሰኝ ብቻ በለኝ።

አጎትህ

•

ከካምፕ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2026

ለማከብርዎት፣ ለአባቴ ለጋሼ ዱጉማ፣

ደብዳቤዎ በየካቲት መጨረሻ ደርሶኛል። አንብቤ አጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩብዎት። መካኒሳ ቁጭ ብለው የእኔን ጆሮ በምን አወቁት አልኩ። ለአጣሪዎቹም «ምንም ችግር የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት የሆነውን ልንገርዎት። ከልምምድ ተመልሰን መኪናውን ልናቆም ነው። እየመሸ ነበር፣ ካፊያ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ የክፍላችን ልጅ ወደ ኋላው እየተራመደ በእጁ እየመራኝ ነበር። ጭቃው አዳለጠውና ወደቀ። ከፊቴ ሲጠፋ ዞር ያለ መሰለኝ። አዛዡ በማዳመጫው «ቁም!» ብሎኛል። ደጋግሞ ብሎኛል። ሌሎቹ ሁሉ ሰምተዋል። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ያ ሌት ተቀን የማይተወኝ ፉጨት ብቻ ነበር የሚሰማኝ። አዛዡ የራስ ቁሩን አውልቆ ከፊቴ ወረወረው። እሱን ሳይ ነው ፍሬኑን የረገጥኩት። ሰንሰለቱ የልጁ ጫማ ጋ ደርሶ ነበር የቆመው።

ጋሼ፣ እግርዎ ትከሻዬ ላይ ቢሆን ኖሮ እቆም ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይኼን ነው።

ልጁ ተነስቶ ጭቃውን አራገፈና ሳቀብኝ። እኔ መውረድ አቃተኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በሁለቱም ጆሮዬ የሄደው አይመለስም አሉኝ፤ የቀረውን ማትረፍ ይቻላል፣ ከመኪናው ግን ውረድ። ከመኪናው ወረድኩ። አጣሪዎቹን ፈልጌ «የጻፍኩት ውሸት ነው፣ መልሱልኝ» አልኳቸውና እንደገና ጻፍኩ። መኪናው ይጠገን ይሁን ይሰረዝ፣ ክፍሉ ይኑር ይፍረስ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አሥር አለቃነቱም ቀርቷል። አንዳንዶቹ ልጆች ሳያዩኝ ያልፋሉ። ሁለቱ ግን ማምሻውን ክፍሌ መጥተው በሩን ዘግተው «የእኔም ጆሮ ያፏጫል» አሉኝ።

ትናንት ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩላት። መናገሩን ፈራሁ፤ ስትመልስልኝ አልሰማትምና። ስለዚህ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ ካሜራው ፊት ያዝኩላት። «እማዬ፣ ልቤ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው። ለጋሽ ሚሳኤል ዛሬ ነው ያለቀስኩት» የሚል ነው። ሴና አጠገቧ ነበረች፣ እርስዎም ከኋላ ቆመው አይቼዎታለሁ። እማዬ አንብባ ስትጨርስ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ነገር ደጋግማ አለች። ሴናን ምን አለች ብዬ በጽሑፍ ብጠይቃት እያለቀሰች ስልኩን ዘጋችው።

ምን ነበር ያለችው? ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እመጣለሁ። እስከዚያ ግን አልችልም፣ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ኤልዳድ

•

መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልዳድ፣

ክብሩን ጌታ ይውሰድ። ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ከዚያ ለሁንዴሳ ሰጠሁት። ሁንዴሳ ሲያነብ ቆየና ወረቀት አውጥቶ «የድሮኑ ክርክር ይቅር፣ ተሸነፍኩ» ብሎ ጻፈ። ማን ምን እንዳሸነፈው እኔም አልገባኝም፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

እኔም ደንቆሮ ነኝና እናትህን አልሰማኋትም። ግን ጆሮዬ ከሄደ ጀምሮ የሰው አፍ አነባለሁ፤ የማሚቴን አፍ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሌላ ምንም አላለችም። «ና» ነው ያለችው። ና፣ ና፣ ና። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ አላቆመችም።

ከዚያ ወዲህ እየጠየቀችኝ ነው። ስናገር ፊት ለፊት ልሁን? ቀስ ልበል? አትጩሂበት፣ መጮህ አፍን ያበላሻል አልኳት። መስታወት ፊት ቆማ ስምህን ስትለማመድ ያዝኳት። ስትመጣ የሁለታችንንም ባትሪ ይዘህ ና፤ የእኔንና ያንተን።

አውሮፕላን ጣቢያ ሁላችንም እንመጣለን። ሰው ይበዛል፣ እናትህ ገና ከሩቅ ስታይህ መለማመዷን ትረሳና ትጣራለች። አንተ አትሰማትም፣ ሻንጣህን እየገፋህ ታልፋታለህ። ይኼን አስቤበታለሁ። እኔ ከበሩ በዚህኛው በኩል ቆሜ እጠብቅህና ከኋላህ እመጣለሁ። አልጠራህም፣ ምን ያደርግልሃል።

ሁለቱንም ትከሻህን ስጫንህ፣ ቁም።

አጎትህ ዱጉማ